ሳይጎድል የሚያንስ ድምፅ

አብዛኛው ሙያ የሚመሰገነው በሚታየው ነገር ነው፤ ሸማኔው በጥለቱ፣ አንጥረኛው በመስቀሉ ቅርጽ። እዚህ የማነሳው ሙያ ግን ሲሳካ ምንም አይታይም፣ ምንም አይሰማም። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ከሲዲ እንደተገለበጠ 53 ሜጋባይት ገደማ ነው። ባለሙያው ተቀብሎ ይጨምቀውና ሠላሳ ምናምን ሜጋባይት አድርጎ ያስረክባል። መልሰው ሲፈቱት ከ53 ሚሊዮኑ ባይት አንዱ እንኳ አልተለወጠም፤ ሁሉም በየቦታው ነው። «ጆሮ አይለየውም» የሚል ማመካኛ እዚህ ቦታ የለውም። አንዲት ቢት ከጎደለች ሥራው ከሽፏል።

ባለሙያዎቹ ይህን «ሎስለስ» ይሉታል፤ ምንም የማያጎድል ጭመቃ ማለት ነው። ዛሬ ማንም ሰው አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ በዚህ መንገድ የተጨመቀ «ፍላክ» የተባለ የድምፅ ፋይል ይጭናል፣ «ቀይር» የሚለውን ይነካል፣ ዌቭ ወይም ኤምፒ3 ሆኖ ያወርደዋል። ከመነካቱ እስከ መውረዱ ባለው አንድ ደቂቃ ውስጥ የብዙ ሰዎች ጥንቃቄ አለ። ጥንቃቄው ቀረብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው፤ የጥንቃቄው ታሪክ ደግሞ በአንድ በኩል ወደ ሃይፋ ይወስዳል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይፋ ነቢዩ ኤልያስ ከበኣል ነቢያት ጋር በተፎካከረበት በቀርሜሎስ ተራራ ሥር፣ ከወደቡ እስከ ጫፉ ተዘርግታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ማስተማር ከጀመረ መቶ ዓመት ያለፈው ቴክኒዮን የተባለው የምህንድስና ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚህ ነው። በ1970ዎቹ ሁለት የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ያዕቆብ ዚቭ እና አብርሃም ሌምፔል፣ መረጃን ሳያጎድሉ ስለማሳነስ አብረው ይሠሩ ነበር። በግንቦት 1977 አንድ ጥናት አሳተሙ፤ በመስከረም 1978 ሌላ ደገሙ። ሁለቱ ዘዴዎች በደራሲዎቹ ስም መነሻ ፊደልና በዓመቱ ኤልዚ77 እና ኤልዚ78 ተብለው ይጠራሉ።

ከእነሱ በፊት የነበረው ስመ ጥር ዘዴ በ1952 የታተመው የዴቪድ ሃፍማን ነበር። የሃፍማን ዘዴ ለሚደጋገም ፊደል አጭር፣ ለብርቅዬው ረጅም ምልክት ይሰጣል። ግን የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ዚቭና ሌምፔል ይህን ቅድመ ሁኔታ አነሱት። የእነሱ ዘዴ ስለሚቀበለው ጽሑፍ ቋንቋም፣ ጉዳይም፣ ልማድም አያውቅም። እያነበበ ይማራል። ድግግሞሽ ሲያገኝ እንደገና ከመጻፍ ይልቅ «ይህን ቀደም ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ከዚያ ቅዳ» ይላል።

በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው፦ «ሰላም ለአዲስ ሰላም ለሃይፋ»። ክፍተቶቹን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሆሄያት እንዳሉ ይጻፋሉ። አሥረኛው ላይ «ሰላም ለ» ዳግመኛ ይመጣል። ጨማቂው ያን አይጽፍም፤ «9 ወደ ኋላ ተመለስ፣ 5 ቅዳ፣ ቀጥሎ ሃ» ብሎ ያልፋል። ፈቺው እስከዚያ ድረስ ያሉትን ዘጠኙን ሆሄያት ስለጻፈ ዘጠኝ ወደ ኋላ ቆጥሮ «ሰላም ለ»ን ያገኛል። ጨማቂና ፈቺ ቀድመው የተነጋገሩበት መዝገበ ቃላት የለም። መዝገቡ ያው ጽሑፉ ራሱ ነው፤ ሁለቱም በየበኩላቸው እኩል እየሠሩት ይሄዳሉ።

የሥራውን ውበት በደንብ የሚያሳየው ግን እልልታ ነው። «እልልልልልልል» ብለን እንጻፍ፤ አንድ «እ» እና ሰባት «ል»። ጨማቂው «እ» እና የመጀመሪያውን «ል» ይጽፍና «1 ወደ ኋላ ተመለስ፣ 6 ቅዳ» ይላል። ሲታይ ስህተት ይመስላል፤ ወደ ኋላ ያለው አንድ «ል» ብቻ ሆኖ ስድስት ከየት ይቀዳል? ፈቺው ግን አይደናገርም። አንዷን ይቀዳል፤ የቀዳት ወዲያው ለሚቀጥለው ምንጭ ትሆናለች፤ ከእርሷ ሁለተኛዋን፣ ከሁለተኛዋ ሦስተኛዋን። ገና ካልተጻፈው ላይ መቅዳት ይቻላል ማለት ነው። ለዚህ የተለየ ሕግ አልወጣለትም፤ «ተመለስ፣ ቅዳ» የሚለው አንድ ትእዛዝ ራሱ በትክክል ስለተበጀ ብቻ የተገኘ ነው። እልልታው ስድስት ሺህ ቢረዝምም ትእዛዙ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህ ሐሳብ ያልገባበት ቤት የለም። የዚፕ ፋይል፣ የፒኤንጂ ሥዕል፣ ድረ ገጾች ወደ ስልካችን ሲመጡ የሚታመቁበት ጂዚፕ፣ ሁሉም ኤልዚ77ን ከሃፍማን ዘዴ ጋር ያዋሃዱ ናቸው። ቴሪ ዌልች በ1984 ኤልዚ78ን አሻሽሎ ያወጣው ዘዴ ደግሞ የጂአይኤፍ ሥዕሎች መሠረት ሆኗል። በ2004 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ሥራውን ከምህንድስና ታሪክ ምዕራፎች አንዱ አድርጎ መዝግቦ ሃይፋ ውስጥ በቴክኒዮን መታሰቢያ አቁሞለታል። ዚቭ በ2021 የማኅበሩን ከፍተኛ የክብር ሜዳሊያ ተቀበለ። ሌምፔል በየካቲት 2023 አረፈ፤ ዚቭ በመጋቢት ተከተለው።

እንግዲህ ይህን ሁሉን ቻይ መሣሪያ ለድምፅ ብንሰጠውስ? ያን 53 ሜጋባይት ዘፈን በዚፕ ያመቀው ሰው መልሱን ያውቃል፤ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያይም። ምክንያቱ የዘዴው ድክመት አይደለም። በሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በሴኮንድ ለእያንዳንዱ ጎን 44,100 ቁጥሮች ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ−32,768 እስከ 32,767 ባለው መካከል ይወድቃል። የማሲንቆ ጭራ አንድን ድምፅ ረዘም አድርጎ ሲይዝ ለጆሮ ያው ድግግሞሽ ነው። በቁጥር ሲታይ ግን የደጋኑ ጫና ይለዋወጣል፣ የማይክራፎኑ ሹክሹክታ ይጨመርበታል፤ ሁለት ሞገዶች እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ሆነው አይገጥሙም። ኤልዚ የሚፈልገው ደግሞ ፍጹም አንድ የሆነውን ነው። ስለ ምንም የማያውቅ መሣሪያ ስለ ድምፅም አያውቅም። ድምፅን የሚያውቅ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር።

በ1994 ቶኒ ሮቢንሰን በካምብሪጅ «ሾርተን» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ ጆሽ ኮልሰን ደግሞ በዚያው መንገድ ሄዶ በ2001 የፍላክን የመጀመሪያ ሙሉ እትም ለማንም በነጻ ለቀቀ። መነሻ ሐሳቡ፣ ድምፅ ባይደጋገምም ይገመታል የሚል ነው። ሞገድ ድንገት አይዘልም፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ካለፉት ቁጥሮች ይታወቃል። ስለዚህ ቁጥሩን አትጻፍ፤ ገምትና የሳትክበትን ያህል ብቻ ጻፍ።

አምስት ተከታታይ ቁጥሮች እንውሰድ፦ 5200፣ 5310፣ 5418፣ 5523፣ 5629። ግምታችን ቀላል ይሁን፤ «ያለፈው እርምጃ ይደገማል» እንበል። ከ5200 ወደ 5310 የ110 እርምጃ ነው፤ ስለዚህ ቀጣዩ 5420 ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። የመጣው 5418 ነው፤ በ2 አንሷል። ከዚያ 5526 እንጠብቃለን፣ 5523 ይመጣል፤ በ3 አንሷል። ከዚያ 5628 እንጠብቃለን፣ 5629 ይመጣል፤ በ1 በልጧል። መነሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከተጻፉ በኋላ ለሦስቱ የሚጻፈው −2፣ −3፣ +1 ብቻ ነው። ፈቺው ያንኑ ግምት ገምቶ ስህተቱን ሲደምርበት 5418፣ 5523፣ 5629 ይመለሳሉ።

ስህተቶቹ ራሳቸው የሚጻፉበት መንገድም የተጠበበበት ነው። ዘዴው የሮበርት ራይስ ነው፤ በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ከጠፈር የሚመጣ መረጃን ለማሳነስ ያወጣው። መጀመሪያ ተቀናሽና ተደማሪ ቁጥሮች በአንድ ሰልፍ ይደረደራሉ፤ 0፣ −1፣ 1፣ −2፣ 2፣ −3 በቅደም ተከተል 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ይሆናሉ። የእኛዎቹ 3፣ 5 እና 2 ሆኑ። እያንዳንዱ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው በሁለት ቢት ይጻፋል፣ ድርሻው ደግሞ በዜሮዎች ብዛት ተጽፎ በ1 ይዘጋል። 3 እና 2 ሦስት ሦስት ቢት፣ 5 አራት ቢት ወሰዱ። በጠቅላላው 10 ቢት። ሦስቱ ቁጥሮች እንዳሉ ቢጻፉ 48 ቢት ይፈጁ ነበር።

ፍላክ ድምፁን ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞሉ ክፍሎች ይቆራርጣል፤ ብዙውን ጊዜ 4,096 ቁጥሮች (ናሙናዎች) በአንድ ክፍል። ለእያንዳንዱ ክፍል የተለያዩ የግምት ሕጎችን ይሞክርና የሚያዋጣውን ይመርጣል፤ እስከ 32 የሚደርሱ ያለፉ ቁጥሮችን እያመዛዘነ የሚገምት ሕግም አለው። ክፍሉ ፍጹም ዝምታ ከሆነ አንድ ቁጥር ጽፎ ያልፋል። ግምት የማይያዝለት ጫጫታ ከሆነም አይታገልም፤ እንዳለ ይጽፈዋል። የግምቱ ስሌት የሚሠራው በሙሉ ቁጥሮች ብቻ ነው። በነጥብ ቁጥሮች ቢሆን ኖሮ አንዱ ኮምፒውተር ከሌላው በአንዲት ፍርፋሪ ሊለይ ይችል ነበር፤ እዚህ ሙያ ውስጥ ደግሞ ፍርፋሪ የሚባል ምሕረት የለም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደምመኝ ግን ግራና ቀኙን የሚያዋህድበት መንገድ ነው። የስቴሪዮ ድምፅ ሁለቱ ጎኖች ብዙውን ጊዜ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ከመጻፍ አማካያቸውንና ልዩነታቸውን መጻፍ ይቀላል። ግራው 7፣ ቀኙ 4 ይሁን። ድምሩ 11 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 5 ከግማሽ ይወጣል። ግማሹን ለመጻፍ አንድ ተጨማሪ ቢት ያስፈልጋል። ፍላክ ግማሿን ይጥላታል፤ 5 ብቻ ይጽፋል። ምንም አያጎድልም የተባለው ዘዴ ጣለ ማለት ነው? አልጣለም። ልዩነቱ 7 ሲቀነስ 4፣ ማለትም 3 ነው። የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ጎዶሎ ከሆነ ድምራቸውም ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ልዩነቱ ተጋማሽ ከሆነ ድምሩም ተጋማሽ ነው። ስለዚህ ፈቺው 3 ጎዶሎ መሆኑን አይቶ 5ን በሁለት ያባዛና 1 ይጨምራል፤ 11 ይመለሳል። 11 እና 3 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 7፣ ተቀናንሰው ለሁለት ሲካፈሉ 4። የተጣለችው ቢት ቀድሞውኑ ሌላ ቦታ ተጽፋ ስለነበር ሁለቴ መጻፏ ብክነት ነበር። ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው እንዲህ ያለችውን በማየት ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ማረጋገጫ አለው። ፍላክ የመጀመሪያውን ድምፅ የ128 ቢት አሻራ አስልቶ ፋይሉ ግንባር ላይ ያስቀምጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ ፋይሉን የከፈተ ሰው ድምፁን ፈትቶ አሻራውን ዳግም ማስላት ይችላል፤ ከገጠመ የያዘው ድምፅ ያው የመጀመሪያው ነው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ፍላክ አርኤፍሲ 9639 ተብሎ የኢንተርኔት መደበኛ ሰነድ ሆኖ ወጥቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ቢጠፉ እንኳ ሌላ ሰው ሰነዱን አንብቦ ፈቺ መሥራት ይችላል።

አሁን ወደ ቀያሪው ድረ ገጽ እንመለስ። ከእነዚህ አገልግሎቶች ብዙዎቹ ከጀርባ የሚያሠሩት ፋብሪስ ቤላርድ በ2000 የጀመረውን ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነው። ሃይፋም እዚህ ውስጥ አለች፤ ገጹ ራሱ ሲከፈት በጂዚፕ ታምቆ ሊመጣ ይችላል፣ የአልበሙ ሽፋን ፒኤንጂ ሊሆን ይችላል፣ አሥር ዘፈን በአንድ ላይ የቀየረ ሰው በዚፕ ተጠቅልሎ ያወርደዋል። ዚፑ ግን የፍላክ ፋይሎቹን ከዚህ በላይ አያሳንሳቸውም። በደንብ የተጨመቀ ነገር ውስጥ የሚደጋገም አይተርፍም።

ቅየራው ደህና የሚሆነው መንገዱ ሲታወቅ ነው። ከፍላክ ወደ ዌቭ፣ ወይም አፕል በ2004 አውጥቶ በ2011 ለሁሉም ክፍት ወዳደረገው አላክ መቀየር ምንም አያጎድልም፤ እንደገና ወደ ፍላክ ቢመለስ ያው ድምፅ ነው። ከፍላክ ወደ ኤምፒ3 ግን መመለሻ የሌለው መንገድ ነው። 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የሲዲውን አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ብቻ ይይዛል፤ የቀረው ጆሮ አይሰማውም ተብሎ ተጥሏል። ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መመለስ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የተጣለው አይመለስም። መልካም ቀያሪ ያልታዘዘውን አይነካም፤ 24 ቢቱን በዝምታ 16 አያደርግም፣ 96,000ውን ናሙና ወደ 44,100 አያወርድም።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ፊደላችን። ፍላክ የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ ሥርዓት ስለሚይዝ የአማርኛ ርእስ በፊደሉ እንዳለ ይቀመጣል። በጥንቱ የኤምፒ3 መለያ ግን ለርእስ የተመደበው 30 ባይት ብቻ ነው፤ አንድ የግእዝ ሆሄ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከአሥር ሆሄ በላይ አይገባም። ግዴለሽ ቀያሪ ድምፁን በትክክል አስረክቦ ስሙን የጥያቄ ምልክት ክምር ሊያደርገው ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚገባው ድምፅ ደግሞ አለን። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬኮርድስን ያቋቋመበት የሸክላ ዘመን፣ ከዚያም የተከተለው የካሴት ዘመን፣ የብዙ ሰው ትዝታ የተከማቸበት ነው። በ1973 ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ የተባለችው የሙዚቃ ተመራማሪ በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤልን የግእዝ ጸሎት ዜማ በቴፕ ቀርጻለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሄደ፤ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ተጓጓዘ። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ሃይፋን ጨምሮ በብዙ የእስራኤል ከተሞች ይኖራሉ።

በጸሎቱ ዜማ ከነጋሪቱ ጋር ቃጭል ይመታል። ኤምፒ3 በጣም የሚቸገረው እንዲህ ባለው ድንገተኛና ሹል ድምፅ ነው። በጠባብ ቢት ሲጨመቅ ስህተቱ በክፍሉ ሁሉ ላይ ስለሚሰራጭ ቃጭሉ ሳይመታ ቀድሞ የሚሰማ የሹክታ ጥላ ይፈጠራል፤ ምቱም ይደነዝዛል። በፍላክ ያለው ቃጭል ግን የተመታበት ቅጽበት ላይ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለው የቄሱ ትንፋሽ እንጂ ሌላ አይደለም። ዛሬ ትርጉም የሌለው የመሰለን ትንፋሽ ነገ ለሚያጠና ሰው ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል፤ ምን እንደሚጣል የመወሰን ሥልጣን ለጨማቂ ፕሮግራም ሊሰጥ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቤትዎ ውስጥ የእናትዎን ለቅሶ፣ የአባትዎን ሽለላ ወይም የቄሱን ጸሎት የያዘ ካሴት ካለ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ወደ ዲጂታል ያስገልብጡትና መጀመሪያ በፍላክ ያስቀምጡት። የግል ድምፅ ከሆነ ወደማያውቁት ድረ ገጽ አይጫኑት፤ ቅየራውን በራስዎ ኮምፒውተር የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ለቴሌግራም፣ ለመኪና፣ ለዘመድ የሚሆን ኤምፒ3 ከዚያ የፈለጉትን ያህል ያውጡ። ዋናውን ፋይል ግን በሁለት ቦታ ያኑሩት፤ አይሰርዙት።